በሬ የማይጠመድበት ቀን

እ.ኤ.አ. በ1620 ገደማ ዐፄ ሱስንዮስ ቅዳሜ ሰንበትነቱ ቀርቶ እንደ ማንኛውም ቀን እንዲታረስበት አዋጅ አስነገሩ። ከአዋጁ ጀርባ የነበሩት ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ካህናት ቅዳሜን ማክበር የአይሁድ ልማድ ነው ይሉ ነበር። ምላሹ ፈጥኖ መጣ። የቤጌምድሩ ገዥ ዮናኤል አመፀ፤ ዛሬ ጎጃም በምንለው አገር ውስጥ በዳሞት የነበረው ባላገርም መነኮሳቱን አስቀድሞ ተነሣ። ይህንን የዳሞትን አመፅ በጦር የደመሰሰው የንጉሡ የእናት ልጅና የጎጃም ገዥ ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ነበር። ግብር በዛብን፣ ርስታችን ተነጠቀ ብሎ መሸፈት በታሪካችን የታወቀ ነው። የዕረፍት ቀናችን ተነካ ብሎ ጦር መስበቅ ግን በብዙ አገር ታሪክ የሚገኝ ነገር አይመስለኝም። እርግጥ የዳሞት ሰው የተነሣው ለቅዳሜ ብቻ ነው ማለት ነገሩን ማቅለል ይሆናል። የሃይማኖቱ ክርክር፣ የመኳንንቱ ፉክክርና የባዕድ ካህናት ጣልቃ ገብነት ሁሉ ተደራርበዋል። ሆኖም ገበሬው ከዚህ ሁሉ ውስጥ በየሳምንቱ በገዛ እጁ የሚዳስሰው ያንን ቀን ነበር። የክርስቶስን የባሕርይ ምሥጢር የሚከራከሩት ሊቃውንት ናቸው፤ ቅዳሜ ጠዋት በሬ ይጠመድ ወይስ አይጠመድ የሚለው ግን የእያንዳንዱ ቤት ጉዳይ ነው።

ዛሬ ስለ ዕረፍት ሲጻፍና ሲነገር ምክሩ ሁልጊዜ ለግለሰቡ ነው። ስልክህን አጥፋ፣ በጊዜ ተኛ፣ ለራስህ ጊዜ ስጥ ይባላል። ሥራ የበዛበት ሰው ይህንን ምክር ሰምቶ «ልክ ነው» ይልና ወደ ሥራው ይመለሳል። ምክሩ ስሕተት የለበትም፤ የሚጎድለው ነገር ግን አለ። በጎጃም የደብረ ኤልያስንና የአካባቢውን የበዓል ሥርዓት ታሪክ መመርመር የሚጠቅመው ይህንን ጉድለት ስለሚያሳይ ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት ገበሬውን፣ በሬውንና ባሪያውን ሳይቀር በየጊዜው ያሳረፈው የአንድ ሰው ብርታት አልነበረም። ዕረፍት የአጥቢያ ንብረት ነበር፤ እንደ ግጦሽ መሬት ሁሉም ይካፈለዋል፣ ሁሉም ይጠብቀዋል፣ ማንም ብቻውን ቆርሶ አይሸጠውም።

ደብረ ኤልያስ ከደብረ ማርቆስ በስተምዕራብ፣ ደቡባዊ ጠርዙ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ የደጋና የወይናደጋ አገር ነው። ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ ያበቅላል፤ ከእህሉ ይልቅ ስሙን ያስጠራው ግን ቅኔ ቤቱ ነው። እንደ ጎረቤቱ ደብረ ማርቆስ ሁሉ ስሙን ያገኘው ከታቦቱ ነው። ደብረ ማርቆስ ቀድሞ መንቆረር ይባል እንደነበረ ይታወቃል። ታቦት ደግሞ ቀን አለው፤ በዚህ አገር የብዙ ቦታ ስም ሲጠራ አንድ የበዓል ቀን አብሮ ይታወሳል ማለት ነው። ስንክሳሩ የኤልያስን ዕርገት በጥር 6 ቀን ያስታውሳል። የነቢዩን ታሪክ በመጽሐፈ ነገሥት የሚያነብ ሰው ለርዕሳችን የሚሆን አንድ ነገር ያገኛል። ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ፣ ደክሞና ተስፋ ቆርጦ ከአንድ ዛፍ ሥር ሞትን ሲለምን፣ የተላከለት መልአክ አልገሠጸውም፤ አልመከረውምም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ፤ ሁለተኛ ቀሰቀሰው፣ ዳግመኛ በላ። አዲሱ ተልእኮ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ ከአርባ ቀን መንገድ ማዶ ነው።

ሥርዓቱ ከየት መጣ ቢባል መልሱ ከጎጃም ውጭ ይጀምራል። በ14ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም ሰንበታት ሆነው ይከበሩ ብለው አስተማሩ፤ በዚህ የተነሣ ከአገር ወጥተው እ.ኤ.አ. በ1352 በአርመን አረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ለብዙ ዘመን ተገልለው ኖሩ። ዐፄ ዳዊት በ15ኛው መቶ ዘመን መባቻ ላይ ቅዳሜን እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1450 ደግሞ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ጠርተው፣ ከግብፅ የመጡት ጳጳሳት አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል ባሉበት፣ ሁለቱ ሰንበታት በመላው አገሪቱ እንዲከበሩ አስወሰኑ። ንጉሡ በዚያም አልቆሙም። በዓመት ሠላሳ ሦስት የማርያም በዓላት እንዲከበሩ፣ በየወሩም ሌሎች በዓላት እንዲታሰቡ አዘዙ። ዛሬ ገበሬው በቃሉ የሚያውቀው የወር አቆጣጠር፣ ማለትም አቦ 5፣ ሥላሴ 7፣ ሚካኤል 12፣ ኪዳነ ምሕረት 16፣ ማርያም 21፣ ጊዮርጊስ 23፣ መድኃኔዓለም 27፣ በዓለ ወልድ 29 እያለ የሚሄደው፣ ሥሩ እዚያ ዘመን ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ንጽጽር ማንሣት ግድ ይላል። የሮማው ቆስጠንጢኖስ እ.ኤ.አ. በ321 የእሑድን ዕረፍት በሕግ ሲደነግግ ዳኞችና የከተማ ሰዎች እንዲያርፉ አዘዘ፤ ገበሬውን ግን ለይቶ አወጣው። ለዘርና ለወይን ተከላ የተመቸ ቀን ቢያመልጠው ጉዳት ነው የሚል ምክንያት ሰጠ። ሕጉ የተጻፈው ለከተሜ ነው ማለት ይቻላል። በእኛ አገር የሆነው የዚህ ግልባጭ ነው፤ ክልከላው ከሁሉ አስቀድሞ የወደቀው በማረሻው ላይ ነው። በግእዝ ሲኖዶስ ውስጥ ያለው የሐዋርያት ሥርዓት ባሪያ አምስት ቀን ሠርቶ ቅዳሜና እሑድን ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዲሄድ ይፈቅዳል፤ የኤዎስጣቴዎስ ወገኖች ለክርክራቸው ከጠቀሷቸው መጻሕፍት አንዱም ይኸው ሲኖዶስ ነው። የኦሪቱ ትእዛዝም ሎሌውን፣ በሬውንና አህያውን በስም ይጠራል። እንግዲህ ሁለት ቀን የማረፍ መብት ከፋብሪካ ሠራተኞች ትግል ብዙ መቶ ዓመት ቀድሞ በብራና ላይ ሰፍሮ ነበር። በተግባር ስንቱ ጌታ አከበረው ለሚለው ግን ብራናው ዋስ ሊሆን አይችልም።

በዓል ሲባል እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ የጎጃምን አጥቢያ አያውቅም። ክልክል የሆነው ሥራ በዓይነቱ የታወቀ ነው፦ ማረስ፣ ማጨድ፣ መውቃት፣ እንጨት መፍለጥ፣ እህል መፍጨት። ከብት ማገድ፣ በሬ ውኃ ማጠጣት፣ ላም ማለብ አይቀርም። ገበያ መውጣትም አይከለከልም፤ እንዲያውም በጎጃም ብዙ ገበያ የሚቆመው ቅዳሜ ነው። ማረሻው የተሰቀለበት ቀን እግር ነፃ የሚሆንበት ቀን ስለሆነ ገበሬው በርበሬውንና ጌሾውን ጭኖ ይወጣል። ሽማግሌ የሚቀመጠው፣ ልጅ የሚታጨው፣ የተጣላ የሚታረቀው፣ ለቅሶ የሚደረሰው በበዓል ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው በደጀ ሰላሙ ይዘረጋል፤ ተረኛው ዳቦና ጠላውን ያቀርባል፤ መንገደኛውና ችግረኛውም አብሮ ይቀምሳል። በወሩ ቀን ማኅበርተኛው ጽዋውን ይጠጣል። ሥራው ሁሉ የቆመ ሳይሆን የተቀየረ ነበር፦ ከመሬት ጋር የሚደረገው ሥራ ቆሞ ከሰው ጋር የሚደረገው ሥራ ይጀመራል። አገሩን አገር አድርጎ ያቆየው ይህ ሁለተኛው ሥራ ይመስለኛል፤ ለዚህ ሥራ ደግሞ ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ነፃ መሆን አለበት። ሽማግሌዎቹ ባይገጣጠሙ ዕርቅ የለም።

ጥበቃውስ? በዓል የሻረ ሰው የሚመጣበት ቅጣት በእርሱ ብቻ አይወሰንም ተብሎ ይታመን ነበር፤ ዛሬም ይታመናል። አንዱ በሚካኤል ዕለት በሬ ቢጠምድ በረዶው የሚወርደው በአጥቢያው ማሳ ሁሉ ላይ ነው። በዚህ እምነት መሳቅ ቀላል ነው፤ የሠራውን ሥራ ማየት ግን ይሻላል። ጎረቤት በጎረቤቱ ማሳ ላይ ጥቅም አለኝ እንዲል አድርጓል። ሻሪው መጀመሪያ በነፍስ አባቱ ይገሠጻል፤ እምቢ ካለ ሽማግሌ ይላክበታል፤ ከዚያም ካለፈ እሳት እስከማይጫርለት ድረስ ይገለላል። ውጤቱ ግልጽ ነው፦ ታታሪው ሰው «እኔ ሳርፍ ጎረቤቴ ይቀድመኛል» ብሎ የሚሠጋበት ምክንያት ጠፋ። ጎረቤቱም አያርስማ! ብቻውን ለማረፍ የሚሞክር የዛሬ ሰው እረፍት የሚነሣው ይኸው የመቀደም ሥጋት ነው። ያኔ ሥጋቱን የሚያስወግድለት አጥቢያው ነበር እንጂ የራሱ ጥንካሬ አልነበረም።

ከዚህ ዕረፍት ደብረ ኤልያስ ያገኘውን ለማየት ወደ ቅኔ ቤቱ መሄድ ነው። ጎጃም ዋሸራና ጎንጅ የሚባሉት የቅኔ መንገዶች አገር ነው። ደብረ ኤልያስ ደግሞ ከየአውራጃው ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ የሚመጣበት ጉባኤ ሆኖ ኖሯል። በ1902 ዓ.ም. እንዶዳም የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ ከተማሩባቸው የጎጃም ቤቶች አንዱ ይኸው ነው። ቅኔ ከሌላው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሚለየው ያለፈውን ደግሞ መናገር ነውር በመሆኑ ነው። ለዕለቱ በዓል የሚቀርበው ለዕለቱ የተቆጠረ መሆን አለበት። ዋዜማው ለበዓሉ ዋዜማ፣ መወድሱ ለሰንበት ማሕሌት፣ ዕጣነ ሞገሩ ለየቦታው በየዜማው ይፈለጋል። ተማሪው ከጎጆው ወጥቶ ጥሻ ለጥሻ ብቻውን እየቆጠረ ይውላል፤ ማታ ለየኔታ ያቀርባል፤ የኔታ ይሰብሩታል፣ ያቃኑታል። በዓል በበዛ ቁጥር አዲስ ቅኔ ይፈለጋል፤ አዲስ ቅኔ በተፈለገ ቁጥር ባለቅኔው ሥራ አይፈታም፤ የሚሰማውም ምእመን በቅኔ ማሕሌቱ ዙሪያ ቆሞ የሚያደምጥበት ጊዜ አለው። የቀለቡም ምንጭ ያው ነው። በበዓል የተጋገረው ዳቦና እንጀራ ቁራሽ ሆኖ በተማሪው አኩፋዳ ይገባል። ስለዚህ በዓሉ ምርት አቃወሰ የሚል ሰው ከምርቱ ዝርዝር ውስጥ ቅኔውንም ይጻፍልን። በኩንታል አይሰፈርም፤ ነገር ግን ያለዚያ የጊዜ ስጦታ ባልኖረም ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ እንምጣ። ከመቶ ዓመት ወዲህ የተማረው ሰው ሁሉ ሲደጋግመው የኖረው ነው፤ በዓል አበዛን፣ ስለዚህ ደኸየን ይላል። ሒሳቡን ማስላት አይከብድም። ሁለቱን ሰንበታት የሚያከብር፣ በዚያ ላይ አቦን፣ ሥላሴን፣ ሚካኤልን፣ ማርያምን፣ ጊዮርጊስን፣ መድኃኔዓለምንና በዓለ ወልድን የሚጠብቅ አጥቢያ ብንወስድ፣ በሠላሳ ቀን ወር ውስጥ ስምንት ያህል ሰንበትና ሰባት በዓል አለው። ሁለት ያህሉ በሰንበት ላይ ስለሚውሉ በሬ የማይጠመድበት ቀን ዐሥራ ሦስት ግድም ይሆናል። ለእርሻ የሚቀረው ዐሥራ ሰባት ነው። አስደንጋጭ ይመስላል። ነገር ግን ተቺው አንድ ጥያቄ ይዘልላል፦ ቀሪዎቹን ዐሥራ ሦስት ቀናት የሚያርሰው በየትኛው በሬ ነው? የእርሻው ልክ የሚወሰነው በበሬው ጉልበት ነው። የጎጃም በሬ በጋውን በገለባና በደረቅ ሣር ከርሞ፣ ለእርሻ በሚፈለግበት በግንቦትና በሰኔ አጥንቱ የሚቆጠርበት ጊዜ ላይ ይደርሳል። ጤፍ ደግሞ ገመሳው፣ አይማው፣ ስልሳው እየተባለ ብዙ ጊዜ የሚታረስ መሬት ይፈልጋል። ጫንቃው በቀንበር የተላጠ በሬ ማግሥቱን ቢጠመድ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ ሁለት ቀን ቢውል ይጠግጋል። ለዚህ ነው ልምድ ያለው አራሽ በሰንበት ቀን እንኳ በሬውን ዓይቶ የሚውለው። በዓላቱ ባይኖሩ ገበሬው ለበሬው ሲል ራሱ ሊፈጥራቸው ይገደድ ነበር ብል ብዙም የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ሆኖም ተቃውሞው በሙሉ አይወድቅም። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር መቀናጆ ገብቶ ያርሳል፤ ቀኑን ለሁለት ይካፈላሉ። ዐሥራ ሰባቱ ቀን ለእንዲህ ያለው ገበሬ ስምንት ወይም ዘጠኝ ብቻ ይሆናል። ዝናቡ ዘግይቶ የገባ ዓመት ላይ ይህ ቁጥር ረኃብና ጥጋብን ይለያል። በኅዳር የታጨደ ጤፍ በማሳ ላይ እያለ ያለ ወቅቱ ዝናብ ቢመጣ፣ በበዓል ምክንያት ያልተከመረው ነዶ ይበሰብሳል። በወንጌል ከጕድጓድ የወደቀ በሬ በሰንበት ይወጣል ተብሎ ሳለ፣ ከዝናብ የወደቀ ነዶ እንዲነሣ ያልፈቀደ ካህን ከመጽሐፉ በላይ ጠንክሯል። የበዓሉ ቁጥር ከዘመን ዘመን መጨመሩም እውነት ነው፤ ታቦት በገባ ቁጥር ቀን ይጨመራል፣ የሚቀነስ ግን የለም። ይህ የሥርዓቱ ሕመም ነው። ሕመሙ የሚያስረዳው ግን ልኩ መጥፋቱን እንጂ የጋራ ዕረፍት ከንቱ መሆኑን አይደለም። ከመጠን ያለፈ በዓል የሚስተካከለው እንደ ተጀመረው በጉባኤ ነው፤ ደብረ ምጥማቅ የጨመረውን ሌላ ጉባኤ ሊቀንሰው ይችላል። እያንዳንዱ በልቡ እየቀነሰ ሲሄድ ግን የሚፈርሰው የቀኖቹ ብዛት ብቻ ሳይሆን ስምምነቱ ራሱ ነው።

ከድህነቱ ክርክር ይልቅ ይህንን ታሪክ የሚያሳፍረው ሌላ ነገር ነው፤ በሬው ያረፈውን ያህል ሴቲቱ አላረፈችም። መፍጨት በበዓል ክልክል ነበር ብለናል። እህሉ ግን በበዓል ከወትሮው በላይ ይበላል። ስለዚህ የተከለከለው ሥራ ወደ ዋዜማው ይገፋል። መሪጌታው ለነገው በዓል ቅኔ ሲያዘጋጅ፣ በየጓዳው ሴት ወፍጮው ላይ ጎንበስ ብላ፣ ሁለት እጇን መጁ ላይ ጭና፣ ልጅ በጀርባዋ አዝላ እኩለ ሌሊት ታልፋለች። በበዓሉም ቀን እሳቱን የሚያነድ፣ ወጡን የሚሠራ፣ ውኃውን የሚቀዳ፣ ጠላውን የሚያጠልል ሌላ ሰው የለም። ባሏ ማኅበር የሚጠጣበት ጽዋ በእርሷ እጅ ያለፈ ነው። ደጉ ነገር ቢኖር ጫናውን አብራት የምትሸከመው ጎረቤት በዚያው ቀን መገኘቷና ቡናው ላይ አንድ ላይ መቀመጣቸው ነው፤ ይህም ትንሽ ነገር ባይሆንም ዕረፍት ተብሎ አይጠራም። የእጅ ወፍጮን ሸክም ያቀለለላት የሞተር ወፍጮ ነው፤ ዘመን ሙሉ የተሰበከ ስብከት ያላደረገውን አንድ የናፍጣ ሞተር አደረገው። የድሮውን ሥርዓት የሚያመሰግን ጸሐፊ ይህንን ዘሎ ካለፈ ምስጋናው ግማሽ ነው።

ሌላው ክርክር የግዴታውን ነገር ያነሣል። በአጥቢያ የተወሰነ ዕረፍት የግለሰብን ነፃነት ይጥሳል፤ የሌላ እምነት ተከታዩስ? ክርክሩ መሠረት አለው። ሙስሊሙ ነጋዴና ሸማኔ በክርስቲያኑ በዓል ውስጥ የኖረው የራሱ በዓል በአዋጅ ሳይታወቅለት ነው፤ የእስልምና በዓላት በመንግሥት ደረጃ የታወቁት ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ነው። የጋራ ዕረፍት የአንድ ወገን ዕረፍት ሆኖ ሲቀር ጋራነቱ ይጎድላል። ግን መድኃኒቱ እያንዳንዱን ለየብቻው መተው ነው ወይ? ይህንን የሞከሩ ነበሩ። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1929 እሑድን ሰርዛ ሠራተኛውን በአምስት ምድብ ከፈለችው፤ ለየምድቡ ቀለም ተሰጠው፤ አንዱ ምድብ ሲያርፍ አራቱ ይሠራሉ፤ ፋብሪካው አይቆምም። በወረቀት ላይ ሲታይ ሠራተኛው ተጎድቷል አይባልም፦ በሰባት ቀን አንዴ ያርፍ የነበረው አሁን በአምስት ቀን አንዴ ያርፋል። ነገር ግን ባል ቢጫ፣ ሚስት ቀይ፣ ልጅ ሌላ ቀለም ሆኑ። ብቻውን ቤት የተቀመጠ ሰው ይህ ምን ዕረፍት ነው ብሎ አጉረመረመ። ማሽኑም ያለ ጥገና ተጎዳ። በ1931 ሁሉም በአንድ ቀን የሚያርፍበት የስድስት ቀን ሳምንት ተተካ፤ በ1940 እሑድ ተመለሰ። ፈረንሳዮችም ከአብዮታቸው በኋላ በ1793 ሳምንቱን ዐሥር ቀን አድርገውት ነበር፤ ገበሬው በዐሥረኛው ቀን አላርፍም፣ በእሑድም አልሠራም ብሎ አስቸገራቸው፤ በ1806 መጀመሪያ የቀን አቆጣጠሩ በናፖሊዮን ተሻረ። የሱስንዮስም አዋጅ ከዐሥራ ጥቂት ዓመት በላይ አልቆየም፤ እ.ኤ.አ. በ1632 የካቶሊኩ እምነት ቀርቶ የቀድሞው ሃይማኖት ሲመለስ ቅዳሜም አብራ ተመለሰች። ሦስቱም መንግሥታት ጉልበት አላጡም። ዕረፍት የሰዓት ቁጥር ብቻ መስሏቸው ነው የተሸነፉት፤ ሰዎች አጥብቀው የያዙት ግን አብሮ ማረፍን ነው።

ዛሬ በደብረ ኤልያስና በደብረ ማርቆስ ያለው ሁኔታ ከሦስቱም የተለየ ነው፤ ማንም አዋጅ አላወጣም፣ ሥርዓቱ ግን በየዳሩ እየተቆረሰ ነው። በመስመር መዝራት ሲመጣ ጤፍን በእጅ ከመበተን ይልቅ ብዙ እጅና ብዙ ቀን የሚጠይቅ ሥራ መጣ። የግብርናው ባለሙያና የቀበሌው ሹም ስብሰባ የሚጠሩት ገበሬው በሚገኝበት ቀን ነው፤ ገበሬው የሚገኘው ደግሞ በበዓል ነው። ስለዚህ ለሽምግልናና ለዘመድ ጥየቃ የነበረው ቀን የማዳበሪያና የግብር ጉዳይ የሚነገርበት ሆነ። በከተማው የባጃጅ ነጂው በቀን ለባለቤቱ የሚያስገባው ገንዘብ ስላለበት እሑድም ይወጣል፤ እርሱ ቢቀር ተሳፋሪው ሌላውን ይይዛል። ባለሱቁ የጎረቤቱ ሱቅ ክፍት ሆኖ ሳለ አይዘጋም። የተማረው ደግሞ ቢሮው በኪሱ ነው፤ የአለቃው መልእክት ቅዳሴ ላይ ይደርሰዋል። እነዚህን ሰዎች ሰነፍ ወይም ገንዘብ ወዳድ ብሎ መገሠጽ ምንም አይጠቅምም። እያንዳንዱ ብቻውን ሲያስብ ልክ ነው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ማንም የማይፈልገው ሰባት ቀን የሥራ ሳምንት ላይ ይደርሳሉ። ድሮ በረዶውን የሚፈራው አጥቢያ ይህንን ቋጠሮ ፈትቶት ነበር። ዛሬ በረዶውን የማይፈራ ከተሜ በምን ይፍታው?

እኔ የማየው መንገድ የሚጀምረው ስምምነት ማድረግ ከሚችሉ ትናንሽ ማኅበራት ነው። የባጃጅ ማኅበር ታርጋ ተራ አስይዞ እሑድን ሊከፍል ይችላል ቢባል የሶቪየቱን ስሕተት መድገም ይሆናል፤ የተሻለው ከቅዳሴ ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ ጥቂት ለአስቸኳይ ብቻ ትቶ በአንድነት መቆም ነው። የአንድ መንደር ባለሱቆች በእድራቸው መክረው የግማሽ ቀን መዝጊያ ቢወስኑ ማንም ገበያ አይሰርቅም፤ እድር ከዚህ የከበደ ነገር ሲያስከብር ኖሯል። ሙስሊምና ክርስቲያን አብረው በሚኖሩበት ከተማ ቀኑ የግድ የአንዱ ወገን በዓል መሆን የለበትም፤ በጋራ የተመረጠ መሆኑ ይበቃል። ይህ ሁሉ ከሕጉም መንፈስ የራቀ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛ በሳምንት ከሃያ አራት ሰዓት የማያንስ ያልተቋረጠ ዕረፍት ሲሰጥ፣ የሚቻል ሲሆን ቀኑ እሑድ እንዲሆንና ለድርጅቱ ሠራተኞች ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲሰጥ ይላል። አርቃቂዎቹ አስበውበትም ይሁን ከዓለም አቀፍ ስምምነት ወስደውት፣ ያቺ «በአንድ ጊዜ» የምትለው ሐሳብ ደብረ ኤልያስ ድሮ የሚያውቃት ናት።

አዋጁ ግን የሚያቅፈው ተቀጥሮ የሚሠራውን ነው። ገበሬው፣ የራሱን ባጃጅ የሚነዳው፣ ጉልት የምትቸረችረው ከሕጉ ውጭ ናቸው፤ ለእነርሱ ከአጥቢያና ከእድር ሌላ የሚቆምላቸው የለም። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው ሴት ደግሞ ተቀጣሪ ሆና ሳለ አዋጁ ነጥሎ ያወጣታል። ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት የሚሰጡ ሰዎች የሥራ ሁኔታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ይወሰናል ብሎ ያልፋል። ከገጠር ወጥታ በደብረ ማርቆስም ሆነ በአዲስ አበባ በሰው ቤት የምታድር የጎጃም ልጅ እናቷ በዋዜማ ሌሊት ወፍጮ ላይ በቆመችበት ቦታ ላይ ናት፤ በቤቱ የሚያርፉት ሁሉ የሚያርፉት እርሷ ስለማታርፍ ነው።